ለስላሳ የተባለው ውሃ

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ አፈርና ውሃ ወደሚመረመርበት ቤት በሚወስደው አውቶቡስ ተሳፍሬ ከአንድ ሽማግሌ ጎን ተቀመጥኩ። እኔ በጠርሙስ የተቀዳ የጉድጓድ ውሃ ይዣለሁ፤ ሥራዬ የውሃ ማሽን መትከል ስለሆነ ውሃውን አስቀድሞ ማስመርመር ግዴታዬ ነው። እሳቸው ደግሞ ጭናቸው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አቅፈዋል፤ አስተቃቀፋቸውን ላየ የታመመ ሕፃን ሐኪም ቤት የሚወስዱ ይመስላሉ። አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ ላስቲኩ ተገለጠና ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ የተነቀለ የጽጌረዳ ችግኝ አየሁ። ቅጠሎቹ መሐላቸው አረንጓዴ ቢሆንም ጠርዝ ጠርዛቸው እሳት እንደነካው ወረቀት ቡናማ ሆኖ ተጠቅልሏል።

«ታሞ ነው?» አልኳቸው።

«ሞቶ ነው፤ ማስረጃ ነው የያዝኩት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሽማግሌው በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ግቢ ውስጥ ለሠላሳ አንድ ዓመት አትክልተኛ ሆነው ሠርተዋል። መቀስ ከደረት ኪሳቸው ስለማይጠፋ ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ መቀስ ይላቸዋል። ግቢው ውስጥ ከሚጦሩት ከግማሾቹ በዕድሜ ይበልጣሉ እየተባለ እንደሚቀለድባቸውም ራሳቸው ነገሩኝ። ባለፉት ወራት ግን ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶባቸዋል። በበሩ በኩል የተደረደሩት ጽጌረዳዎች፣ ከእነሱ ቀጥሎ አጥሩን ተከትሎ የተተከለው ጥድ፣ ከዚያም አረጋውያኑ በጥላቸው ያርፋሉ ብለው ያሳደጓቸው ሁለት ለጋ ዛፎች ከዳር ከዳር መቃጠል ጀመሩ። ጥፋተኛዋንም ደርሰውባታል፤ የግቢው ልብስ አጣቢ ናት።

እንደነገሩኝ ከሆነ፣ አንድ ቀን ማለዳ ገና ሠራተኛው ሳይገባ ልብስ አጣቢዋ ከማጠቢያው ቤት ጀርባ ካለው ሎሚ ሥር በባልዲ አንድ ነገር ስትደፋ ደረሱባት። ምንድን ነው ብለው ጠየቋት።

«ዓይኗን በጨው አጥባ ‹ውሃ ነው› አለችኝ» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው አሁንም በንዴት ይንቀጠቀጣል። «የአንሶላ እጣቢ መሆኑን የማላውቅ መስሏት። አንድ ዓመት ሙሉ የሳሙና ውሃ ስትደፋብኝ ከርማ ግቢዬን አቃጠለችው።»

ከስሰዋታል። በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አስተዳዳሪዋ ሁለቱንም አስቀርባ ትወስናለች። የወንድማቸው ልጅ የአፈር መርማሪ ናት፤ «በሳሙና ሞተ» የሚል ወረቀት ከሰጠቻቸው ልብስ አጣቢዋ ከሥራ ትባረራለች። ሴትዮዋ ሁለት ልጆች ለብቻዋ እንደምታሳድግ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝና፣ ወዲያው ደግሞ ልጆች አሉኝ ብላ ተክል ትገድል እንዴ ብለው ከራሳቸው ጋር ተከራከሩ። ይህን ሲሉ ከኮታቸው ኪስ አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥተው የችግኙን ሥር በጥቂቱ አራሱት። ሞቷል ካሉ ውሃው ምን ይሠራለታል ብዬ በልቤ ስስቅ እንዲህ አሉኝ።

«ለስላሳ ውሃ ነው። ለታመመ ተክል ከዚህ የተሻለ የለም። ማሽኑን የተከለው ልጅ ራሱ ነው ‹አይዞዎት አባባ፣ ለስላሳ ነው፣ ይስማማቸዋል› ያለኝ።»

ያ ልጅ እኔ ነኝ።

ከአሥራ አንድ ወር በፊት ነው። ግቢውን አስታወስኩት፤ ረጅም ነጭ ግድግዳ፣ በመስኮቶቹ ላይ የተሰጡ ብርድ ልብሶች። የጉድጓዱ ውሃ ጠጣር ስለነበር የልብስ ማጠቢያ ማሽኖቹን ነጭ ቅርፊት እያስያዘ ያበላሻቸው ነበር፤ ውሃ የሚያለሰልስ ማሽን እንድተክል ተጠራሁ። አቧራ መከላከያ ፊቴ ላይ አስሬ፣ ቆቤን እስከ ቅንድቤ ስቤ ስሠራ ዋልኩ። መፍቻዎቼን ሰብስቤ ልወጣ ስል አንድ ሰው ከኋላዬ በጣም በትሕትና «ይህ ውሃ ለአትክልቱስ እንዴት ነው?» አለኝ። ለመሄድ ቸኩዬ ነበር፤ ዞሬ እንኳ አላየሁትም። በማሽኑ መመሪያ አራተኛ ገጽ ላይ ይህ ውሃ ለተክል እንዳይሰጥ ተጽፏል፤ ገጹን አንብቤዋለሁ፣ ትርጉሙንም አውቃለሁ። ግን ጥያቄውን ጥያቄ ብዬ አልቆጠርኩትም፤ የሽማግሌ ወሬ መስሎኝ በሁለት ቃል ተገላገልኩት።

ያኔ አውቶቡሱ ላይ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ቃል ግን «ስንት ፌርማታ ቀረን?» የሚል ነበር። ዓይን አፋርነት ብዬ ላሳምረው እችላለሁ፤ እውነቱ ግን ፍርሃት ነው።

ወደ አንድ ቦታ ስለምንሄድ አብረን ወረድን። የወንድማቸው ልጅ የምትሠራበት ክፍል ጠባብ ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው ሰሃኖች ተደርድረው በየሰሃኑ የተሰጣ አፈር ይደርቃል፤ ጥግ ላይ የብረት ወንፊቶች በየልካቸው ተነባብረዋል። ነጭ ጋዋን የለበሰችው ወጣት አጎቷን ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው፤ እኔንም በአክብሮት አስቀመጠችኝ። ሽማግሌው ወዲያው ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ልጄ፣ ነገሩ አጭር ነው። ‹በሳሙና ሞተ› ብለሽ ጻፊልኝ፤ ማኅተም አድርጊበትና ልሂድ።»

«አጎቴ፣ መጀመሪያ ልየው እንጂ። ሳላይ ከጻፍኩት ወረቀቱ የእኔ መሆኑ ይቀርና የእርስዎ ይሆናል።»

ችግኙን ከላስቲኩ አውጥታ መብራት ሥር እያገላበጠች አየችው። ከላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ብዙም እንዳልተነኩ፣ የተቃጠሉት የታችኞቹ አሮጌዎቹ መሆናቸውን አሳየችን። ፀሐይ ቢሆን ኖሮ የሚቃጠለው ፀሐይ የሚያየው ወገን ነበር፤ በሽታ ቢሆን ደግሞ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ያወጣ ነበር። ይህ ግን ከጫፍ ተነስቶ ጠርዝ ጠርዙን እየተከተለ ሄዷል።

«ይህማ የጥም ምልክት ነው» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ሳላውቀው ቀርቼ ነው? ስለዚህ ነው በየቀኑ ማጠጣት የጀመርኩት። ማዳበሪያም ጨመርኩለት።»

«መሬቱ ደርቆ ነበር?»

«ኧረ ጭቃ ነው። ውሃው ላዩ ላይ ኩሬ ሠርቶ ነው የሚውል።»

«እንግዲያው ሥሩ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ቅጠሉ የሚጠማው ለምንድን ነው? ውሃ ጠፍቶ አይደለም። ውሃውን እንዳይጠጣ የሚከለክለው ነገር ስላለ ነው። የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ሲነሰነስ ውሃውን እንዴት እንደሚያወጣ አይተው የለም? አፈሩ ውስጥ ጨው ሲበዛም ሥሩ ላይ እንደዚያው ነው የሚደርሰው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው ተቀመጡ። የክርክር ፊታቸውን ያየሁት ያኔ ነው።

«ጨው ደግሞ ምን አደረገ? እኛስ ያለ ጨው እንኖራለን? ጨው ሕይወት ነው እንጂ መርዝ ሆኖ ያውቃል?»

«ልክ ነዎት፣ እንኖራለን ማለት አይቻልም። ግን እኛ የተረፈንን በላብና በሽንት እናስወጣዋለን። ተክል ኩላሊት የለውም አጎቴ። ከውሃው ጋር የመጣውን ጨው ቅጠሉ ጠርዝ ላይ እያጠራቀመ ይቆያል፤ ሲሞላበት ከዚያው ከጠርዙ ይቃጠላል። አሮጌዎቹ ቅጠሎች የቀደሙትም ብዙ ዘመን ስላጠራቀሙ ነው። መሬቱ ላይስ ነጭ ነገር አላዩም?»

«አይቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «መሬቱ ቅባት አወጣ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ወጣቷ አልሳቀችባቸውም፤ ይህን አደነቅኩላት። እኔ በእሷ ዕድሜ ብሆን እስቅ ነበር። ይልቅ ንጹሕ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አምጥታ ከችግኙ ሥር ትንሽ የአፈር ጓል ጣል አደረገችበት። አፈሩ ወደ ታች እንደመውረድ ውሃው ውስጥ እየተበተነ ብርጭቆውን ወተት አስመሰለው። ጤነኛ አፈር እርስ በርሱ እንደሚያያዝ፣ ይህኛው ግን ጨው ውስጥ ባለው በሶዲየም ብዛት እየተፈታ እንደሚበታተን፣ ቀዳዳው ሁሉ ስለሚደፈን ውሃው ወደ ታች መስረግ እንዳቃተው አስረዳቻቸው። ከዚያ ሌላውን አፈር በውሃ አሽታ የጨው መለኪያውን ዘንግ ነከረችና ቁጥሩን አሳየቻቸው። ጽጌረዳ ከሚችለው ሦስት እጥፍ ነው።

ሽማግሌው ቁጥሩን ሲያዩ ተስፋቸው ለመለመ። «ይኸው! ሳሙናም ጨው አለው አይደል? አገኘሻት።»

«አለው። ስለዚህ ነው ማጣራት ያለብን። ለመሆኑ አጣቢዋ ስትደፋ ያዩዋት የት ላይ ነው?»

«ከጀርባ፣ ሎሚው ሥር።»

«ሎሚው እንዴት ነው?»

ሽማግሌው መቀሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ከተቱት።

«ደህና ነው» አሉ።

«ደህና ሲሉ?»

«ለምልሟል። ሳሙናው መጀመሪያ ያወፍረዋል፤ ኋላ ነው የሚገድለው።»

«አጎቴ» አለች ልጅቷ በለሆሳስ፣ «ሎሚ ጨው ከሚፈሩት ተክሎች አንዱ ነው። የደፋችው የሳሙና ውሃ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነበር። እርስዎ እሱን በምን ያጠጡታል?»

«እኔ አላጠጣውም። ጎማው እዚያ ድረስ አይደርስልኝም።»

«ዘንድሮ ዝናቡ ጥቂት ቀን ብቻ ጥሎ ነው የቀረው። ታዲያ ማን አጠጣው?»

ይህን ጥያቄ የሚያህል ከባድ ነገር በዚያ ክፍል ውስጥ ተመዝኖ የሚያውቅ አይመስለኝም። የሽማግሌው ዓይን ከመለኪያው ላይ አልተነሳም፤ እሳቸው ግን እዚያ አልነበሩም፣ ወደዚያች ማለዳ ተመልሰዋል።

«ባልዲው ሰማያዊ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የልብስ ማጠቢያው ባልዲዎች ነጭ ናቸው። ሰማያዊው ከጣሪያው አሸንዳ ሥር፣ ከበርሜሉ አጠገብ የሚቀመጠው ነው። የዝናብ ውሃ መቅጃ። ውሃ ነው አለችኝ። ውሃ ነበር።»

ፊታቸው ሲቀላ አየሁ። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው በኀፍረት ሲቀላ ማየት ያስጨንቃል፤ እኔ ደግሞ የራሴ ፊት እየጋለብኝ ስለነበር ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ልጅቷ ግን ሥራዋን አልጨረሰችም። ሳሙናው ካልሆነ ጨው ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። የአጎቷን የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠይቃ የመለኪያውን ዘንግ ውስጡ ነከረች፤ ከዚያም ሶዲየሙን ብቻ የሚለይላትን መሣሪያ አምጥታ ደገመችው። ሁለት ጊዜ ያነበበችው ላለመሳሳት መሆኑ ያስታውቃል።

«ይህ ከየት የተቀዳ ነው?»

«ከአዲሱ ቧንቧ። ለስላሳው ውሃ ነው። ድሮ ከአሮጌው ቧንቧ ነበር የማጠጣው፤ ያ ጠጣር ነው፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንኳ ቅርፊት ይሠራል። ለጋ ተክል ላይ ጠጣር ውሃ ማፍሰስ ግፍ መስሎ ታየኝ። ጎማዬን ነቅዬ ወደ ለስላሳው አዛወርኩ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ የውሃ ባለሙያ መሆኔን ስንገባ ነግሬያት ስለነበር ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ለአጎቷ እንዳስረዳላት በትሕትና ለመነችኝ። አስረዳሁ። ጠጣር ውሃ የኖራ ማዕድን እንደተሸከመ፣ ማሽኑም ያንን ማዕድን ተቀብሎ በምትኩ በየጊዜው ከሚጨመርለት ጨው ሶዲየም እንደሚሰጥ፣ ስለዚህ ውሃው ሳሙና ቶሎ አረፋ እንዲያወጣ ቢያደርግም ሥር የሚያፍን መሆኑን፣ አሮጌው ቧንቧ ግን ለተክል ምንም እንደማይል፣ እንዲያውም ኖራው አፈሩን እንደሚያያይዝ ተናገርኩ። ጥሩ አድርጌ ነው ያስረዳሁት። አንድ የማላውቀው ሰው በአንድ የማላውቀው ግቢ ስለሠራው ሥራ የማወራ ነው የሚመስለው።

«እኔ ለስላሳ ማለት የዋህ ማለት መስሎኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ጥፍር ባላወጣ ልጅ ገላ ላይ እንደሚፈስ ውሃ። እጄን ስነክረው ደግሞ እውነትም ይለሰልሳል።»

«ለልብስና ለሳሙና ለስላሳ ነው። ለሥር አይደለም» አለች ልጅቷ። «ለመሆኑ ለተክል ይሆናል ብሎ ማን ነገረዎት?»

«አንድ ልጅ ነው። ማሽኑን የተከለው።»

እኔ ያኔ የወለሉን ንጣፍ እያየሁ ነበር። ካሬ ካሬ ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። መሬቱ እዚያው ስንጥቁ ላይ ተከፍቶ ቢውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ሽማግሌው አሁን ተከራካሪ አልነበሩም፤ መድኃኒቱን ጠየቁ። ልጅቷ መጀመሪያ ጎማውን ዛሬውኑ ወደ አሮጌው ቧንቧ እንዲመልሱ፣ ማዳበሪያም ራሱ ጨው ስለሆነ እንዲያቆሙ ነገረቻቸው። ነጩን ቅርፊት ከላይ ልጠው ይጥሉታል። ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ሞልተው መስረጉን ያያሉ፤ ካልሰረገ ውሃው የሚሄድበት መንገድ ይቀየስለታል፣ አለዚያ ጨው መውጫ የለውም። ከዚያ ጂፕሰም በትነው ከአፈሩ ጋር ያዋህዳሉ።

«ኮርኒስ የሚሠራበት ጂፕሰም?» አሉ ሽማግሌው፤ ትንሽ ጊዜ ያህል የድሮ ቀልዳቸው ብልጭ አለ። «ጽጌረዳዬን ጣሪያ ላይ ልለጥፋት ነው?»

«ለእርሻ ተብሎ የተፈጨው ነው። ሶዲየሙን ከአፈሩ ላይ ገፍቶ ይለቅቀዋል። ከተለቀቀ በኋላ በአሮጌው ቧንቧ ውሃ፣ ቀስ ብሎ፣ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ነው። ሲጨርሱ ደግሞ ላዩ ጠፈፍ እስኪል ይተዉታል።»

«እኔ እኮ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የማጠጣ። እንዳይጨናነቁ ብዬ።»

«ትንሽ ትንሹ ነው የጎዳቸው አጎቴ። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል፤ በማግስቱም እንደዚያው። ከሥር በታች ገፍቶ የሚያወርደው ግን በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ብዙ ውሃ ነው። ሲያጠጡም ቅጠሉን አያርጥቡት። መሬቱን ደረቅ ሣር ያልብሱት፣ ፀሐይ ውሃውን እንዳትመጥጥበት። በሦስተኛው ወር አፈሩን መልሰው ያምጡልኝና እንለካዋለን።»

«ይህ የተቃጠለው ቅጠል ተመልሶ ይለመልማል?»

«አይለመልምም። የተቃጠለው ተቃጥሏል። የምናየው አዲሱ ቅጠል እንዴት እንደሚወጣ ነው።»

ሽማግሌው ቅጠሉን በጣታቸው ዳሰሱት። «ሰውስ?» አሏት።

«ሰው የእኔ ሙያ አይደለም፣ አጎቴ።»

ወረቀቱን ጽፋ ሰጠቻቸው። እሷ ከሥራዋ መለየት ስለማትችል፣ በማግስቱ ስብሰባው ላይ ስለ ማሽኑ የሚያስረዳ ሰው እንዳስፈለጋቸው ነግራ እንድሄድላቸው እኔን ለመነችኝ። እምቢ የምልበት ፊት አልነበረኝም፤ እሺ አልኩ።

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ አስተዳዳሪዋ ቢሮ ተገኘን። ልብስ አጣቢዋ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ እጆቿ ከውሃ ብዛት ተሸብሽበው የነጡ፣ አርባ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት። ወንበር ሲሰጧት ልብሷ እርጥብ መሆኑን ተናግራ አልቀመጥም አለች። አስተዳዳሪዋ ከሳሽ ይቅደም አለች።

ሽማግሌው ብድግ አሉ። ወረቀቱን ማንበብ አላስፈለጋቸውም። ተክሎቹን የገደለው እጃቸው መሆኑን፣ ሳይጠይቁና ሳያጣሩ የጨው ውሃ ሲያጠጡ እንደከረሙ ተናገሩ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። ለአሥራ ሁለት ዓመት «አንቺ» ሲሏት የኖሩትን ሴት እንዲህ አሏት፦

«እርስዎ ውሃ ነው አሉኝ። እኔ ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸችኝ ብዬ አስወራሁ። ዓይኔን በጨው ያጠብኩት ግን እኔ ነኝ። እኔ ያላጠጣሁትን ሎሚ ስላጠጡልኝ ከሰስኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

ሴትዮዋ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ችግኝ አየችና ወደ አስተዳዳሪዋ ዞረች። «አንሶላዎቹ እየጠበቁኝ ነው፤ ልሂድ?» አለች። ሂጂ ተባለች። ጥፋት የለባትም ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተጻፈላት፤ በሐሜት ያሳለፈችው ያ ሁሉ ወር ግን እንዲያው በአንድ መስመር ብቻ አለፈ።

አስተዳዳሪዋ፣ ማሽኑ ከተተከለ በኋላ የመጣች ናትና፣ ውሃው ይስማማል ብሎ የተናገረው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «አንድ ሠራተኛ ነው» አሉ፣ «መልኩን አላስተዋልኩትም።» እኔ ተራዬ ደርሶ ስለ ማሽኑ አስረዳሁ። ስጨርስ አስተዳዳሪዋ ስለ ትብብሬ አመሰገነችኝ፤ እጄንም ጨበጠችኝ። አንባቢ ሆይ፣ በዕድሜዬ ሙሉ የተሰደብኩትን ስድብ ሁሉ ብሰበስበው ያቺን ምስጋና አያህልም።

ሦስት ወር አለፈ። ማሽኑን ለማየት በሚል ሰበብ ተመልሼ ሄድኩ። እውነተኛው ጉዳዬ በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ በሁለቱ ቧንቧዎች ላይ የሚያስፈልገውን በትልቁ ልጽፍበት ብሩሽ ይዣለሁ። ሽማግሌው ግቢውን እየመሩ አሳዩኝ። ከሁለቱ ለጋ ዛፎች አንዱ ተርፎ አንዱ ደርቋል፤ የደረቀውን አልነቀሉትም። ለምን ብላቸው ይታየኝ ብለው ነው አሉኝ። ጽጌረዳዎቹ ግን ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ ጠርዛቸው ንጹሕ የሆነ አዲስ ቅጠል አውጥተዋል። ነጩ ቅርፊት የለም። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አፈር ቆንጥረው በጣታቸው ፈተፈቱት፤ ከእንግዲህ ለስላሳ የሚባል ነገር ካለ ይህ ነው አሉኝ። ድሮ በየቀኑ የሚያጠጡትን አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ያጠጣሉ፤ ውሃው ወደ ታች ይሰርጋል እንጂ ኩሬ አይሠራም፣ ወገባቸውም አርፏል። በየስድስት ወሩ አፈርና ውሃ ለማስመርመር ቀኑን ግድግዳ ላይ ጽፈዋል። አንድ ሰው አንድን ነገር ጥሩ ነው ሲላቸውም «ለምኑ?» ብለው መጠየቅ ለምደዋል፤ ይህች አንዲት ጥያቄ ያኔ ከእኔ ጋር ብትኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ። እኔም ከዚያ ወዲህ ማሽን በተከልኩበት ቦታ ሁሉ ያቺን አራተኛ ገጽ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለአትክልተኛው ሳላነብ አልወጣም።

አዲሱ ቧንቧ ላይ «ጨው የገባበት ውሃ፣ ለልብስ ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። ብሩሹን እንደያዝኩ፣ ፊቴን ከግድግዳው ሳላነሳ ተናገርኩት።

«ያ ልጅ እኔ ነበርኩ።»

ከኋላዬ የመቀሱ ድምፅ አልተቋረጠም።

«አውቃለሁ» አሉኝ ሽማግሌው። «የወንድሜ ልጅ ‹ማን ነገረዎት?› ስትለኝ ወለል ወለሉን ስታይ ነው ያወቅኩህ። ድምፅህም ያው ነው።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገሩም?»

«አንዷን ያለ ማስረጃ ከስሼ ገና አፌ ሳይደርቅ ሌላ ሰው ልክሰስ? ይህኛውን ራስህ ታመጣዋለህ ብዬ ጠበቅኩ። ዘገየህ እንጂ አልቀረህም።»

ልብስ አጣቢዋ ሰማያዊውን ባልዲ ይዛ ከማጠቢያው ቤት ጀርባ ስትመጣ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። ሽማግሌው ሲያዩዋት ባልዲውን ሊቀበሏት ፈጠን አሉና «ይስጡኝ፣ እኔ አጠጣዋለሁ» አሏት። ሴትዮዋ ባልዲውን አቀበለቻቸው፤ ከዚያች ረቡዕ ወዲህ ከሥራ ጉዳይ በቀር ቃል አልወጣትም ነበርና የሚቀጥለውን ስትናገር ሽማግሌው ባሉበት ቆሙ።

«አሁንስ አንቺ ይበሉኝ፣ ጋሼ፤ እርስዎ እርስዎ እያሉ አስረጁኝ። ደግሞም አይፈረድብዎትም። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ከዚህ ቧንቧ ነው ፊትዎን ሲታጠቡ የከረሙት፤ ዓይንዎን በጨው የታጠቡት ወደው አይደለም።»

ሽማግሌው መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ ወንድሜ?» አለችኝ። «አንተ የምትታጠበው ከየትኛው ቧንቧ ነው?»

እኔም ሳቅኩ፤ ግን ፊቴን ከግድግዳው አላዞርኩም።